ክፍፍል ያወቀ፣ ገበያ ያጣ ማኅበረሰብ፦ የሴንት ኪልዳ ደሴት ሕዝብ ታሪክ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)






የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ኅብረት ሥራ ታሪክ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ስለ ሮችዴል ሸማኔዎች የማወራ ሳይመስለው አልቀረም። የሮችዴልን ታሪክ በየሥልጠናው እስኪበቃችሁ ስለሰማችሁት ዛሬ አልደግመውም። በእሱ ፋንታ፣ ማኅበር ብለው ሳይመዘገቡ፣ መተዳደሪያ ደንብ ሳይጽፉ፣ ያገኙትን ሁሉ ለዘመናት እየተካፈሉ ስለኖሩ ጥቂት ሰዎች ልነግራችሁ መርጫለሁ። አገራቸው ከስኮትላንድ በስተምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ሴንት ኪልዳ የምትባል ደሴት ናት። የመጨረሻዎቹ 36 ነዋሪዎች ደሴቲቱን ለቀው የወጡት ኦገስት 29 ቀን 1930 ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 23 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከመጫናቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ሴንት ኪልዳ አንድ ደሴት ሳትሆን የደሴቶች ስብስብ ናት። ሰው የኖረባት ዋናዋ ሂርታ ትባላለች፤ ስፋቷ ከ700 ሄክታር ያነሰ ነው። በአቅራቢያዋ ካለው ሌላ ሰው የሚኖርበት ደሴት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በክረምቱ ወራት ማዕበሉ ስለሚበረታ ለብዙ ወራት ጀልባ አይወጣም፣ ጀልባም አይገባም። ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ገብስ፣ አጃና ኋላ ደግሞ ድንች ይዘራሉ፤ ነገር ግን ከባሕሩ የሚመጣው ጨዋማ ነፋስ አንድ ሌሊት ከነፈሰ አዝመራው ይቃጠላል። በጎችና ጥቂት ላሞችም ነበሯቸው።

ታዲያ በምን ኖሩ ቢባል መልሱ በወፍ ነው። የደሴቲቱ ገደሎች በብሪታንያ ካሉት የባሕር ገደሎች ሁሉ ረጃጅሞቹ ናቸው፤ ትልቁ ከ400 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። በእነዚህ ገደሎች ላይ ፉልማር፣ ጋኔትና ፓፊን የሚባሉ የባሕር ወፎች እጅግ ብዙ ሆነው ይራባሉ። ወንዶቹ በገመድ ታስረው በባዶ እግራቸው ገደሉን እየወረዱ እንቁላሉንም ወፉንም ይሰበስባሉ። ከትውልድ ትውልድ ገደል ሲወጡ ሲወርዱ ስለኖሩ ቁርጭምጭሚታቸው የወፈረ፣ የእግር ጣታቸውም ሰፋ ያለ እንደነበር ያዩአቸው ሰዎች መስክረዋል። ከወፉ የሚጣል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ሥጋው ምግብ፣ ዘይቱ መብራትና መድኃኒት፣ ላባው ደግሞ የመሬት ግብር መክፈያ ነበር። ከጋኔት አንገት ቆዳ ጫማ ይሰፉ ነበር። በ1764 በተደረገ ቆጠራ 90 ሰዎች የተገኙ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን 36 እንቁላልና 18 ወፍ እንደሚበላ ተጽፏል። እኔ በበኩሌ ቁጥሩ የተጋነነ ይመስለኛል፤ ሆኖም ዋናው ምግባቸው ምን እንደነበር በሚገባ ያሳያል።

ወፉ የሚሰበሰበው በዓመቱ ጥቂት ወራት ብቻ በመሆኑ ትልቁ ጉዳይ ማከማቸቱ ነበር። ለዚህም ክሌት የሚሉትን የድንጋይ ጎተራ ይሠራሉ። ክሌት ያለ ጭቃ በደረቅ ድንጋይ ብቻ ተክቦ፣ ከላይ በጠፍጣፋ ድንጋይና በሣር ጉማጅ የሚከደን ነው። ነፋሱ በድንጋዮቹ መሐል እየገባ ያደርቃል፣ ዝናቡ ግን አይገባም። የደረቀ ወፍ፣ እንቁላል፣ ገመድ፣ ድርቆሽ፣ ለማገዶ የሚሆን የሣር ጉማጅ ሁሉ በዚህ ይቀመጣል። በዚያች ትንሽ ደሴት ላይ ከ1,200 የሚበልጡ ክሌቶች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ድኅረ ምርት ብክነት ስንል በየስብሰባው የምንነጋገርበትን ጉዳይ እነዚህ ሰዎች በድንጋይና በነፋስ ብቻ መፍትሔ አበጅተውለት ነበር።

አሁን ወደ አስተዳደራቸው ልምጣ። ወንዶቹ ከእሑድ በስተቀር በየማለዳው በመንደሩ መንገድ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። ሊቀመንበር የለም፣ ቃለ ጉባኤ የለም። የዕለቱ ሥራ ምን ይሁን? ገደል እንውረድ ወይስ አጃውን እንጨድ? ነፋሱ ለጀልባ ይመቻል ወይ? እየተባለ ይመከራል። ሁሉም እስኪስማማ ሥራ አይጀመርም። የውጭ አገር ጎብኚዎች ይህን ስብሰባ "ፓርላማ" እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ አንዳንድ ቀን ክርክሩ ሳይቋጭ ቀኑ ይመሻል ብለውም ጽፈዋል። ቀልዱ ውስጥ እውነት ሳይኖርበት አይቀርም፤ የሥራ አመራር ኮሚቴ አባል ሆኖ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ይሁንና አንድ ሰው በገመድ ጫፍ ተንጠልጥሎ ሕይወቱን በላይ ለቆመው ጎረቤቱ እጅ በሚሰጥበት አገር፣ ያልተስማማን ሰው አስገድዶ ማሰማራት አይቻልም። ስለሆነም ረጅሙ ክርክር የስንፍና ብቻ አልነበረም። ጉድለት ካልን ግን ሴቶች በዚህ ስብሰባ አለመገኘታቸው ነው። ሸክሙን ተሸክመው ዳገት የሚወጡት፣ መንገድ ላይም ሳይቀር ሹራብ የሚሠሩት፣ ፓፊን የሚያጠምዱት እነሱ ሆነው ሳለ ማለት ነው።

ክፍፍሉ እንዲህ ነበር። በ1697 ደሴቲቱን የጎበኘው ማርቲን ማርቲን የተባለ ጸሐፊ በዚያን ጊዜ 180 ያህል ሰዎች ማግኘቱን ጽፏል። አንዲት ጀልባ ብቻ ስለነበረቻቸው እያንዳንዱ አባወራ በሚገብርበት መሬት መጠን በጀልባዋ ላይ ድርሻ ነበረው። ገመዶቹም የጋራ ነበሩ። ገደሉ ራሱ በየቤቱ ተከፋፍሎ ነበር፤ የማን ድርሻ የት እንደሆነ በየጊዜው በዕጣ ይለዋወጣል። በየዓመቱ ኦገስት 12 ገደማ የሚጀምረው የፉልማር አዝመራ ወደ መንደር ሲገባ በየቤቱ ይደለደላል። ገደል መውረድ የማይችል ሽማግሌ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ የታመመ ሰው ቤት ሳይቀር ድርሻው ይደርሰዋል። በዚህ ረገድ ከእነሱ የተሻለ ሥርዓት በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም።

እንግዲህ ችግሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። መሬቱ የእነሱ አልነበረም። ደሴቲቱ የደንቬጋን ማክላውዶች የሚባሉ ባላባቶች ርስት ስትሆን ነዋሪዎቹ ጭሰኞች ነበሩ። የባለርስቱ ወኪል በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ በመርከብ ይመጣል። ላባውን፣ ዘይቱን፣ ከበግ ጠጉር የሠሩትን ጨርቅ፣ ከብቱንና የደረቀውን ዓሣ ይረከባል። ከዚህ ላይ የመሬቱን ግብር ቀንሶ በተረፈው ዱቄት፣ ጨው፣ ዘርና መሣሪያ ይሰጣቸዋል። ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው። ምርታቸውን የሚገዛውም እሱ፣ የሚፈልጉትን ዕቃ የሚሸጥላቸውም እሱ፣ ኪራይ ሰብሳቢውም እሱ ነው። ኪራይ ሰብሳቢ ስል በስብሰባዎቻችን በለመድነው ትርጉሙ ሳይሆን በጥሬው ነው። ሌላ ገዢ የለም፤ ገበያውም የት እንዳለ፣ ላባ በግላስጎው ስንት እንደሚሸጥ የሚነግራቸው የለም። ባለርስቶቹ ጨካኞች ብቻ ነበሩ ማለት አይደለም፤ በክፉ ዓመት ዘር የላኩበት፣ ውዝፍ ግብር ያለፉበት ጊዜም አለ። ነገር ግን ችሮታ ዋጋን አይተካም። ያን ያህል በጥንቃቄ ወፍ በወፍ የሚካፈሉ ሰዎች፣ ያ ወፍ ደሴቲቱን ለቆ ሲሄድ ምን እንደሚያወጣ የመወሰን አንዳችም ሥልጣን አልነበራቸውም። መሬት በዘይት የሚነድ ፋኖስ በየቦታው ሲስፋፋ ደግሞ የወፍ ዘይት ፈላጊው እያነሰ መጣ፤ ላባውም ቀስ በቀስ ዋጋ አጣ።

በመካከሉ መከራ አልጎደለባቸውም። በ1727 ፈንጣጣ ገብቶ መንደሩን ጨረሰው። በሽታው ሲገባ ሦስት ወንዶችና ስምንት ልጆች ወፍ ለመሰብሰብ ስታክ አን አርሚን ወደሚባል፣ ባሕር ውስጥ ብቻውን ወደቆመ ቋጥኝ ተወስደው ነበር። ተመልሶ የሚያመጣቸው ጀልባ ቀዛፊ ጠፋ፤ ቀዛፊዎቹ ሞተዋል ወይም ታመዋል። አሥራ አንዱ ሰዎች ዘጠኝ ወር ያህል በዚያ ቋጥኝ ላይ በወፍና በዓሣ ሕይወታቸውን አቆይተው በሚቀጥለው ዓመት ሜይ ወር ላይ በወኪሉ ጀልባ ዳኑ። ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ቤት ነበር። ከዚያ በኋላ ባለርስቱ ከሌሎች ደሴቶች ሰዎች አምጥቶ እንደገና አሰፈረባት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሕፃናት በተወለዱ በሳምንት ውስጥ በመንጋጋ ቆልፍ ይሞቱባቸው ነበር። በአንዳንድ ዓመታት ከተወለዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይቀበሩ ነበር። እናቶች ሕፃኑ ስምንተኛ ቀኑን እስኪያልፍ ልብስ እንኳ አያዘጋጁለትም ነበር ይባላል። ይህን ያስቆሙት አንገስ ፊዴስ የተባሉ የደሴቲቱ ቄስ ናቸው። ወደ ግላስጎው ሄደው እትብት በንጽሕና እንዴት እንደሚያዝ ተምረው ተመለሱ፤ በ1890ዎቹም ሞቱ ቆመ። በጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ላይ የተሰማራችሁ እህቶች ይህን ክፍል በተለይ ልብ በሉት። ከዚያ በፊት ግን በ1852 36 ሰዎች ወደ አውስትራሊያ ተሰድደዋል፤ ብዙዎቹ በጉዞ ላይ ሞቱ። በ1863 ወደ ሃሪስ ደሴት ትጓዝ የነበረችው ጀልባቸው ሰጥማ ሰባት ወንዶችና አንዲት ሴት አለቁ። መቶ በማይሞላ ሕዝብ ውስጥ ሰባት ወንድ ማለት የገደል ገመድ የሚይዝ እጅ ማነስ ማለት ነው።

ከ1870ዎቹ ጀምሮ በበጋ የጎብኚ መርከቦች መምጣት ጀመሩ። ሰዎቹ ጨርቅ፣ ካልሲና የወፍ እንቁላል ለጎብኚዎች እየሸጡ ጥሬ ገንዘብ አገኙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከወኪሉ ሌላ ገዢ መጣ ማለት ነው። ታሪኩን የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ጎብኚው ሕዝቡን አበላሸው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። እንደ እንስሳ እየከበቡ ማየታቸው አሳፋሪ ቢሆንም፣ የሥራን ዋጋ ማወቅ ግን ብልሽት አይደለም። ከውጭው ዓለም ጋር የመገናኘት ፍላጎታቸው ምን ያህል እንደነበር የሚያሳየው ደግሞ የደብዳቤ አላላካቸው ነው። ትንሽ እንጨት በጀልባ መልክ ቀርጸው ደብዳቤውን በውስጡ አሽገው፣ በተነፋ የበግ ፊኛ አስረው ነፋሱ ሲመች ወደ ባሕር ይለቁታል። የነገሩ ጀማሪ በ1877 ደሴቲቱ ላይ ቀርቶ የነበረ ጆን ሳንድስ የተባለ ጋዜጠኛ ነው። መርከባቸው ተሰብሮ አብረውት ለታገዱ የኦስትሪያ መርከበኞች እርዳታ የመጣው በእንዲህ ያለ መልእክት ነበር። በ1885 ማዕበል አዝመራቸውን ባጠፋ ጊዜም ነዋሪዎቹ ይህንኑ ተጠቅመው እርዳታ ደርሶላቸዋል።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የባሕር ኃይሉ በደሴቲቱ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ አቋቋመ። ሜይ 15 ቀን 1918 አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ መጥቶ 72 ጥይት ተኩሶ ጣቢያውን አፈረሰ። ሰው አልሞተም። ከዚህ ተኩስ ይልቅ ሕዝቡን የለወጠው ግን ሌላ ነገር ነው። መርከበኞቹ ደመወዝ ነበራቸው፣ መርከብ በየጊዜው ይመላለስ ነበር፣ ዕቃና ጋዜጣም ይመጣ ነበር። ጦርነቱ አልቆ ባሕር ኃይሉ ሲወጣ ይህ ሁሉ አብሮ ቀረ። ወጣቶቹም ተከትለው መውጣት ጀመሩ። በ1921 73 የነበረው ሕዝብ በ1928 ወደ 37 ወረደ። በመካከሉ፣ በ1926፣ አራት ወንዶች በኢንፍሉዌንዛ ሞቱ። በ1930 መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንዲት ወጣት እናት በደሴቲቱ ላይ ሐኪም ባለመኖሩ ታማ ወደ ግላስጎው ተወስዳ ሕይወቷ አለፈ።

ሜይ 10 ቀን 1930 ነዋሪዎቹ ለስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትር አቤቱታ ጻፉ። 20 ሰዎች ፈርመውበታል። በዚያን ጊዜ የደሴቲቱ ነርስ የነበሩት ዊልያሚና ባርክሌይ ሐሳቡን በማግባባት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የአቤቱታው ይዘት ባጭሩ፣ ሥራ የሚችሉት ወንዶች ጥቂት ስለሆኑና ከእነሱም አንዳንዶቹ ለመሄድ ስለወሰኑ ሌላ ክረምት መክረም አንችልም፣ ቤትና ሥራ ፈልጋችሁ አውጡን የሚል ነው። በዚህ ወረቀት ውስጥ አንድ ነጥብ አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያስደነግጠኛል። አንድ ላይ እንደ አንድ ማኅበረሰብ አስፍሩን ብለን አንጠይቅም ይላል። አስቡት። ጀልባውን፣ ገመዱን፣ ገደሉንና ወፉን ለመቶዎች ዓመታት ሲካፈሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። መንግሥት ፊት ሲቀርቡ ግን አብረን እንሁን ብለው አልጠየቁም። ምናልባት እንዲህ ያለ ጥያቄ ጉዳዩን ያጓትትብናል ብለው ሰግተው ይሆናል። ምናልባትም ደክሟቸው ነበር። እኔ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም እላለሁ፤ ምክንያቱም አንድነታቸው የቆመው በጉልበት ላይ ነበር፣ ጉልበቱ ደግሞ አልቋል። የጋራ ጥሪት፣ የጋራ መሬት፣ የጋራ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ክሌት ውስጥ ያለው ወፍ ብቻ ነው።

መንግሥት ጥያቄውን ተቀበለ። በጎቹና ከብቶቹ ቀድመው በመርከብ ተጭነው ሄዱ፤ ከበጎቹ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብም ለማጓጓዣው ወጪ እንዲውል ተደረገ። ውሾቻቸውን አንገታቸው ላይ ድንጋይ አስረው ባሕር ውስጥ ጣሏቸው። በመጨረሻው ቀን በየቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ተገልጦ፣ ከጎኑም ጥቂት አጃ ተቆልሎ ቀረ። ሃሬቤል በምትባል የጦር መርከብ ተሳፍረው ሄዱ። ብዙዎቹ የሰፈሩት ሞርቨርን በሚባል የስኮትላንድ አውራጃ ሲሆን ወንዶቹ በመንግሥት የደን ልማት ሥራ ተቀጠሩ። ዛፍ በሌለበት አገር ያደጉ ሰዎች ዛፍ ተካይ ሆኑ። ከዚያ ቀን ከወጡት መካከል የመጨረሻዋ፣ በስምንት ዓመቷ የወጣች ሴት፣ በ2016 በ93 ዓመቷ ዐርፋለች። ደሴቲቱ ከ1957 ጀምሮ በስኮትላንድ የቅርስ ባለአደራ ድርጅት ሥር ስትሆን፣ በ1986 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የራዳር ጣቢያ ሠራተኞችና የቅርስ ጠባቂዎች እየተፈራረቁ ይቆዩባታል።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ፣ እንዲህ ያለ ትንሽ ደሴት መጨረሻው ሁልጊዜ መፍረስ ነው ወይ? ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ስለዚህ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ ስላለች ኢግ ስለምትባል ሌላ ደሴት ጥቂት ልጨምር። ማወዳደሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም፤ ኢግ ለዋናው ምድር ቅርብ ናት፣ ጀልባም በየጊዜው ይመላለስባታል። የመሬቱ ጉዳይ ግን አንድ ዓይነት ነበር። ኢግም ከባለርስት ወደ ባለርስት ስትሸጥ የኖረች ናት። ነዋሪዎቹ አስተማማኝ የኪራይ ውል ስለሌላቸው ቤታቸውን ለማደስ እንኳ አይደፍሩም ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ ነዋሪዎቹ ከአካባቢው ምክር ቤትና ከአንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር ጋር ሆነው ባለአደራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ከሺዎች ሰዎች መዋጮ አሰባስበው ጁን 12 ቀን 1997 ደሴቲቱን በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙ። በዚያን ጊዜ ነዋሪዎቹ 65 ያህል ነበሩ። ዛሬ ከመቶ በላይ ናቸው፤ ከወጡት ወጣቶች የተመለሱም አሉ። በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ማሻሻያ ሕግም የገጠር ማኅበረሰቦች መሬታቸው ለሽያጭ ሲቀርብ ቀድመው የመግዛት መብት ሰጥቷቸዋል።

ኢግ ከዋናው ምድር የሚመጣ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሌላት በፊት እያንዳንዱ ቤት በናፍታ ጄኔሬተር ነበር የሚጠቀመው። በ2008 ነዋሪዎቹ ከውኃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚገኘውን ኃይል ያጣመረ የራሳቸውን መብራት አስገቡ። ምርቱ የተወሰነ በመሆኑ አንድ መኖሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ ዋት በላይ እንዳይጠቀም፣ ንግድ ቤት ደግሞ ከ10 እንዳያልፍ ተስማሙ። ከዚያ ያለፈ ቤት መብራቱ ይቋረጥበታል። ባለ ሆቴልም ይሁን ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ ቆጣሪው አይለይም። ወሰኑን ያስቀመጠው ከውጭ የመጣ አካል ሳይሆን የራሳቸው ስብሰባ ነው፤ ያ ስብሰባም ብዙ ምሽት እንደወሰደ መገመት አያቅትም።

ስለ ኢግ ገና ብዙ የሚባል ነበር፤ ነገር ግን የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። ከሻይ በኋላ ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ የሒሳብ ሠራተኞችና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣ ስለ ባለአደራ ድርጅቱ አደረጃጀት በዝርዝር ልንነጋገር እንችላለን።